ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት ሳያነቡኝ የቀሩ ካሉ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ የተጎዱት እነሱ ናቸው። ላነበባችሁኝ ግን እነሆ ቃሌን ጠብቄ የአንዲት አዋላጅን ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። በዚህ ከተማ በሁለት ጎማ የሚሄድ ፍጡር ሁሉ በዝናብ ወራት ደርቆ ቤቱ የሚገባው በእኔ እጅ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ሱቄ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በባትሪ ሻጩና በጎማ ለጣፊው መካከል ያለችው ናት። በሯ ላይ «ጠብታ አያልፍም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደሉን የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ ከሦስት ሰፈር ማዶ ይነበባል። እህቴ «ከባትሪ ሻጩ በርም አይነበብ» ትላለች፤ እሷን አትስሟት። እትዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እኔን ማሳነስ ልማዷ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ የዝናብ ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ ስፌቱን በቴፕና በካውያ እደፍናለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አወራለሁ። ማውራቱ ከሁሉም ያደክማል።

አዋላጇ ሱቄ የገባችው ሰማይ በተቀደደበት ቀን ነው። ስኩተሯን በሬ ላይ አቁማ ስትገባ ከላይ የለበሰችው የሚያብረቀርቅ ካፖርት ለዓይን ያምራል፤ ከወገቧ በታች ግን ኩሬ ውስጥ ተቀምጣ የዋለች ትመስላለች።

«ሱሪ አለህ?» አለችኝ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«የዝናብ ነው?»

«የሠርግ አይደለም።»

ልቤ እዚያው ስንጥቅ አለ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ ስምንት የምመስለው ምንም ጥረት ሳላደርግ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሴት አይቻለሁ። ረጥባ እንዲህ ቀና ብላ የቆመች ግን አላየሁም።

«ያበሰበሰሽ ስኩተሩ ነው» አልኳት። «የፊት መከላከያው እግሬን ይጋርድልኛል ብለሽ ካፖርት ብቻ ለበስሽ። ዝናቡ ካፖርቱ ላይ ተንሸራቶ ይወርድና ጭንሽ ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ። ሰው ሳያውቀው ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ይነዳል። ለሁለት ጎማ ካፖርትና ሱሪ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ብቻውን አይሆንም።»

«ባልና ሚስት?» አለች። በዓይኗ ጥግ ሳቀች።

እኔም አጋጣሚውን ላሳልፍ አልወደድኩም፤ ካፖርቷን አስወልቄ ገለበጥኩት። ስፌቱ ሁሉ እርቃኑን ነው፤ ቴፕ የሚባል ነገር አልነካውም። «አየሽ? መርፌ ያለፈበት ሁሉ ውሃ ያልፍበታል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለዚህ ከተማ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ዚፑን ተመልከቺ፤ መሸፈኛ የለው። አንገቱ አጭር፤ ከሄልሜትሽ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ጀርባሽ ውስጥ ነው። ይህን የሸጠልሽ ሰው ወይ ዝናብ አይቶ አያውቅም፣ ወይ ይጠላሻል።»

«አባቴ ነው» አለች።

እትዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

አባቷ ማን እንደሆኑ ለመገመት ካፖርቱ ላይ ያለውን ምልክት ማየት ብቻ በቂ ነበር። የከተማውን እኩሌታ ያለበሱት አስመጪ! እኔ ራሴ ጥሩውን ጨርቅ በጥቅል የምገዛው ከእሳቸው መጋዘን ነው። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ ያንን የተገለበጠ ካፖርት እያየች፣ «ሰባት ክረምት» አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለስፌቱ የምትናገር ይመስል።

*

ለልኬት ስኩተሯን ሱቅ ውስጥ አስገባናት። ቆሞ የተለካ የዝናብ ልብስ ቆሞ ለሚውል ሰው ነው፤ ነጂ የሚለካው ተቀምጦ፣ እጁን መሪው ላይ ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከሥርም ወፍራም ሹራብ ለብሶ ነው። ያኔ እጅጌ ወደ ክንድ ይሸሻል፣ ሱሪ ወደ ባት ይወጣል፣ የልብሱ ሐቅ ይታያል። እጅጌዋን ከጓንቷ በላይ የሚወርድ አደረግኩላት፤ ሱሪዋን ከቦት ጫማዋ ውጭ፣ ከሥሩ በላስቲክ የሚያዝ፣ በጎኑ እስከ ጉልበት የሚከፈት፤ ጫማ ሳታወልቅ መንገድ ዳር እንድትለብሰው። ጀርባው ላይ በክዳን የተሸፈነ መተንፈሻ አበጀሁ፤ ላብም ከውስጥ የሚመጣ ዝናብ ነውና።

«ጥቁር ይሁንልኝ» አለች።

«ጥቁር ለብሰሽ በጭጋግ ከምትነጂ መብራትሽን አጥፊና በጸሎት ንጂ። ቢጫ ነው፤ ጀርባው ላይ አንጸባራቂ ያለው።»

«ምጥ የያዛት ሴት ቤት እንደ ጫጩት ቢጫ ሆኜ ልግባ?»

«መጀመሪያ ከነነፍስሽ ግቢ፤ ከዚያ ስለ ጫጩቱ እንነጋገራለን።»

ሳቀች። እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ እደግም ነበር። ለጥራት ነው እንዳልል እትዬ ይህን ታነበዋለች።

በእነዚያ ቀናት ብዙ ነገረችኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያደገችበት ግቢ በር ከሱቄ ጣሪያ ይበልጣል። አባቷ ሾፌርና መኪና ቢመድቡላትም አልፈለገችም። «ሕፃን የሚወለደው መኪና በሚገባበት መንገድ ብቻ አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን፤ የሄልሜቷን ማሰሪያ እየፈታች። እኔ ደግሞ አንድ ክረምት ብቻዬን ሠላሳ ሞተረኛ ከጎርፍ እንዳወጣሁ ነገርኳት። እትዬ ከኋላ «ሦስት ናቸው፤ ጎርፉም እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር» አለች። አዋላጇ እኔን እያየች ሳቀች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆየ። እኔም ሜትሩን የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ማታ ስፈልግ ዋልኩ፤ አንገቴ ላይ ነበር።

*

አባቷ ረቡዕ መጡ። መኪናቸው መርከብ ያህላል፤ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡ።

«ጠብታ አያልፍም የምትለው አንተ ነህ?»

«ነኝ ጌታዬ። ከሦስት ሰፈር ማዶ ይነበባል።»

«እኔ ጨርቅ በመርከብ ነው የማስመጣው። አንተ በስንዝር ትቆርጣለህ።»

«ልክ ነው ጌታዬ። ሰው የሚለብሰው ግን በስንዝር ነው፤ መርከብ የሚለብስ እስካሁን አላጋጠመኝም።»

እትዬን ሳል ያዛት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ስማኝ። ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ለምሳ ይሰበሰባል። ልጄ ያቺን ስኩተር ትተዋለች፤ ከእኔ ቢሮ ገብታ እንደ ወንድሞቿ በወግ ትሠራለች። አንተን ደግሞ ትረሳሃለች። ቁርጧን በሁሉ ፊት ትናገራለች።»

«እሷ ምን አለች?»

«ምን እንደምትል እኔ አውቃለሁ» ብለው ወጡ። የጃንጥላቸው ውሃ ወለሉ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ሐሙስ አዋላጇ ለመጨረሻ ልኬት መጣች። ልብሱ ተሰፍቶ፣ ተደፍኖ፣ በውሃ ተፈትኖ አልቋል። ለብሳው ስኩተሯ ላይ ተቀመጠች። እላችኋለሁ፣ ፀሐይ ራሷ እንዲያ ያለ ቢጫ የላትም።

«አባቴ መጥቶ ነበር አሉ።»

«መጥተው ነበር። አንድ በአንድ መለስኩላቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የወጡት።»

«ውሸትህን ነው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አያውቅም።» መሪውን ጨበጠችው። «ቅዳሜ በሁሉ ፊት መልስ ስጪ ተብያለሁ። እሰጣለሁ፤ አልፈራም። ግን ሰው የሚመልሰው ለተጠየቀው ነው። አባቴ ጠይቆኛል። አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አፌን ከፈትኩ።

«ስለ ጎርፍ ነገርከኝ። ስለ ስፌት ነገርከኝ። ስለ ሰሌዳህ ዘጠኝ ጊዜ ነገርከኝ። ይህን ሁሉ ስታወራ አንዲት ጥያቄ አልወጣችህም።»

አፌ ለጉራ እንጂ ለልመና አልተሠራም። እሷም ጠብቃ ጠብቃ፣ ልብሱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አጥፋ አኖረችውና፣ «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብላ ሄደች። የስኩተሯ ድምፅ ከጆሮዬ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሃያ ዓመት ስለፈልፍ የኖርኩትን ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ጠላሁት።

*

ደብዳቤ ጻፍኩ። ስልክ አለኝ፤ ግን እንዲህ ላለ ነገር መደወል ሴትን መናቅ መስሎ ታየኝ። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ገጽ ነበር፤ ዐሥራ አንዱ ስለ እኔ ስለሆነ ቀደድኩት። በቀረችው አንድ ገጽ የልቤን ጠየቅኳት፤ ከሥሯም እንዲህ አልኩ፤ «ቅዳሜ በምሳ ሰዓት በራችሁ ላይ እመጣለሁ። መልስሽ እሺ ከሆነ ይህን ካፖርት ለብሰሽ በር ላይ ጠብቂኝ። ካላገኘሁሽ ሳልናገር እመለሳለሁ።»

ዓርብ ጠዋት፣ እትዬ ገና ሳትመጣ፣ ለደብዳቤዬ ቤት ሠራሁለት፤ ካፖርቱ ውስጥ፣ በግራ፣ ልክ ከልቧ ላይ ትንሽ ኪስ። እንዳይላቀቅ በአራቱም ጎን ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። መርፌ ከጨበጥኩ ዘመን ሆኖኛል፤ ስፌቱ ሲያልቅ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ከእኔ በፊት የሠራ እንዳለ ተጠራጠርኩ። ደብዳቤውን አጥፌ ከተትኩበት፣ በሁለት መዳፌ ደግፌ ያዝኩት፣ የሞቀውን ካውያ ነቀልኩ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስትመጣ፣ «በግራ በኩል ኪስ አለ። ቤትሽ ስትደርሺ ክፈቺው» አልኳት።

«ምን አለበት?»

«የጠየቅሽው።»

ፊቷ ላይ የወጣውን ብርሃን ልገልጽላችሁ እችል ነበር፤ ታጋንናለህ ትሉኛላችሁ። ዝናቡ ሲጀምር መንገድ ላይ ነበረች፤ ቢጫዋ ከሩቅ ስትጠፋ አየሁ።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ያ ትልቅ በር ፊት ቆምኩ። ዝናቡ እንደ አሸዋ ይወርዳል፤ እኔ በራሴ ሥራ ተጠቅልዬ አንድ ፀጉሬ አልረጠበም። በሩ ዝግ ነው። ጠበቅኩ። ከግቢው ውስጥ የሹካና የሳቅ ድምፅ ይሰማል። ቆይቼ ቆይቼ ሞተሬን አስነሳሁና ተመለስኩ። ስልኬን ዘጋሁት። ሰው ከላይ እስከ ታች ደረቅ ሆኖ ውስጡ እንዴት ሊበሰብስ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

*

ሰኞ ረፋድ ላይ ሦስት መልእክተኛ ሞተረኞች ዝናቡን ሱቃችን ውስጥ ተጠልለው ያሽሟጥጣሉ፤ እትዬ ትሰፋለች፤ እኔ ዝም ብያለሁ። «ታሞ ነው?» ይሏታል እትዬን። «ዝም ካለስ ሞቷል» ትላለች።

አዋላጇ ገባች። ካፖርቱን አውልቃ ክንዷ ላይ ጥላዋለች። ነጭ ሸሚዟ ላይ፣ በግራ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ እድፍ አለ።

«ስልክህ የት ነው?»

«ተዘግቷል።»

«አፍህ ሳይዘጋ ስልክህ ተዘጋ?»

ሞተረኞቹ ሳቁ። እኔ ኩራቴን እንደ ካፖርት እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ «ቅዳሜ በር ላይ አልነበርሽም» አልኳት።

«የትኛው በር?»

«እንዴት የትኛው በር? ጽፌልሽ የለ?»

ከቦርሳዋ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ እንደ ሊጥ የተድበለበለ ሰማያዊ ወረቀት አለ። «ይኸው የጻፍክልኝ። እስቲ አንብብልኝ።»

ብልቃጡን አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት።

«ዓርብ ከዚህ እንደወጣሁ ተጠራሁ» አለች። «መንታ ነበሩ፤ አንዱ በእግሩ የመጣ። ቤት የደረስኩት ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ገበታ ላይ ተቀምጦ ነው። ክፍሌ ገብቼ ኪሱን ስከፍት ይህ ነው ያገኘሁት። ሸሚዝሽን ቀይሪ አሉኝ፤ አልቀየርኩም። ከነእድፌ ተቀመጥኩ። አባቴ ‹ያ ሰውዬሽ ቀለም ቀባሽ?› አለ፤ ወንድሞቼ ሳቁ። ቁርጥሽን ተናገሪ ተባልኩ። ‹ደብዳቤዬን ሳላነብ አልናገርም› አልኩ። ከዚያ ደወልኩልህ። ዘግተሃል! ይህን ሸሚዝ ሦስት ቀን ያላጠብኩት ልብስ አጥቼ ይመስልሃል?»

አሥር ርምጃ! እኔ ከበሩ ውጭ፣ እሷ ከበሩ ውስጥ፣ ብልቃጡን ይዛ። ልመልስላት ስል በሩ ላይ ጃንጥላ ታየ። አባቷ ተከትለዋት መጥተዋል።

«እዩልኝ እስቲ!» አሉ ለሞተረኞቹ። «ጠብታ አያልፍም የሚለውን ሰው ሥራ እዩ! የልጄን ደረት ቀለም ነክሮ ሰደዳት። ካፖርቱን መልሺለትና ነይ፤ ነገሩ አብቅቷል።»

«የኔ ሥራ አያፈስም» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«እንግዲያው አሳየን።»

የእኛ ሱቅ ደንብ አለው። ማንም ልብስ ከመውጣቱ በፊት ክፍል በክፍል በባዶ ቆርቆሮ ሳፋ አፍ ላይ እንወጥረዋለን፣ ከላይ ውሃ እናቁርበታለን፣ ዝም ብለን እናዳምጣለን። ውሃ ካለፈ ሳፋው ይናገራል። እኔ በዚህ መንገድ ዐሥር ሺህ ካፖርት ፈትኛለሁ፤ እትዬ ዘጠኝ መቶ ትላለች። ካፖርቱን ተቀብዬ ትከሻውን ወጠርኩ። ውሃ። ጸጥታ። እጅጌውን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን። ሳፋው ድዳ ሆነ። «አያችሁ?» አልኩ፤ ደረቴ መነፋት ጀመረ። የቀኙን ደረት። ድዳ። ከዚያ የግራውን።

ጠብ።

ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ በአራት መሥመር፣ እንደ መስኮት አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ ጠብ ጠብ ጠብ።

«ጠብታ አያልፍም!» ብለው አባቷ ሳቁ።

ያኔ ከሞተረኞቹ አንዱ፣ ረጅሙ፣ «ቆይ ቆይ፣ ስፌቱ ሁሉ ካላፈሰሰ ጨርቁ ነዋ! ጨርቁ የማን ነው?» አለ። ጓደኛው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቢጫ ጥቅል ዞሮ አየ፤ ምልክቱን አነበበ። «የጌታው ነው! ከጌታው መጋዘን ነው!» ሁሉም ወደ አባቷ ዞሩ። «ያ እኔ የገዛሁትም ያፈሳል!» አለ ሦስተኛው። የአባቷ ሳቅ ፊታቸው ላይ ደረቀ። ጃንጥላቸውን ጨበጡት። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቀን መቶ በር ያንኳኳሉ፤ ይህ ወሬ እስከ ማታ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጣፋጭ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ስሜ ይድናል፣ ሰሌዳዬ ይቆያል፣ እኒያ መርከብ የሚያህሉ ሰው በሱቄ ወለል ላይ ያንሳሉ። እትዬን አየኋት። በጣቷ የኪሱን ስፌት ዳሰሰችው፤ የእሷ እጅ እንዳልሆነ በአንድ ዳሰሳ አወቀች። ቀና ብላ አየችኝ። አዋላጇም አባቷን አላየችም። እኔን ነው የምታየው፤ ያን ቀን ስኩተሯ ላይ ተቀምጣ እንዳየችኝ።

«ጨርቁ እንከን የለበትም» አልኩ።

«ምን?» አለ ረጅሙ።

«ከዚህ የተሻለ ጨርቅ ከተማው ውስጥ የለም። ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልብሱ ተፈትኖ ካለቀ በኋላ፣ ዓርብ ጠዋት፣ በድብቅ። ድርብ አድርጌ በአራት ጎን ወጋሁት፤ ካውያውም አጠገቤ ሞቆ ነበር፤ ሳልደፍነው ነቀልኩት። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ውሃ ያልፍበታል ብዬ ስንቱን ያስተማርኩ ሰውዬ ረሳሁት። በማንም እንዳታሳብቡ።»

ሳፋው ብቻ ጠብ ይላል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች እትዬ በቀስታ። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም።

አዋላጇ አንድ ርምጃ ቀረበች። «ምን አስረሳህ?»

«አንቺ።»

«ደብዳቤው ምን ይል ነበር?»

«እዚህ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«እኔ እድፌን ለብሼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተቀምጫለሁ።»

አንድም ነገር ሳልጨምር ተናገርኩ፤ ምስክሬ እትዬ ናት። «‹የአባትሽን ግቢ የሚያህል ነገር የለኝም። ከሱቁ በላይ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ጣሪያዋ አያፈስም። ሌሊትም ቀንም ስትጠሪ ስኩተርሽን የማሞቀው እኔ ነኝ፤ ስትመለሺም ልብስሽን የማደርቀው እኔ ነኝ። አትንጂ አልልሽም። ታገቢኛለሽ ወይ?› ይላል።»

ረጅሙ ሞተረኛ ሄልሜቱን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅ።

«ጣሪያዋ አያፈስም?» አለች።

«አንድ ቦታ ታፈሳለች» አልኩ። «በምድጃው በኩል።»

ብልቃጡን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«ሰማሽ አይደል?» አሉ አባቷ። «ጣሪያው ሳይቀር ያፈሳል። መኪና ውስጥ ግቢ።»

ዞረች። «አባዬ፣ ሰባት ክረምት ያንተን ካፖርት ለብሼ እስከ ጭኔ በስብሼ ገብቻለሁ። አንድ ቀን ‹ስፌቱ ነው ልጄ፣ የኔ ጥፋት ነው› ብለኸኝ ታውቃለህ? ‹ስኩተሩን ተዪ› ነው ያልከኝ። ይሄ ሰው አሁን ባንተ ማሳበብ ይችል ነበር። ሁሉም አምኖት ነበር። እኔም አምኜው ነበር።»

አባቷ ጃንጥላቸውን ያኔ ነው ያጠፉት።

ካፖርቱን ከሳፋው አንስታ አራገፈችው። «ቆይ፣ ካውያው ሞቋል፣ አንድ አፍታ ልድፈነው» አልኩ።

«አትንካው።» ለበሰችው፤ ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችው። «ተነሣ። የምሳ ሰዓት ነው። የቅዳሜው ቢያልፍ የሰኞው አለ።»

እትዬ ከኋላዬ፣ «አንተ! ምንም ሳትለብስ!» ብላ ጮኸች። ግድግዳው ላይ አርባ ካፖርት ተሰቅሏል። አንዱንም አልነካሁ። እሷ የእኔን ቀዳዳ ለብሳ እየወጣች እኔ በምን ዓይኔ ደርቄ ልቀመጥ? ከስኩተሯ ኋላ ተፈናጠጥኩ። እኔ፣ ሃያ ዓመት ጠብታ ያልነካኝ ሰው፣ ገና ባትሪ ሻጩን ሳናልፍ ውስጥ ልብሴ ድረስ ራስኩ። የአባቷ መኪና መጥረጊያውን እያወዛወዘ ከኋላችን ይከተላል። አልፈጠነችም፤ መንገድም አልለቀቀችላቸውም።

ትልቁ በር ፊት ስንደርስ አቆመች። «ውረድ» አለችኝ።

«ምነው?»

«ወደ መንገዱ እጥፋት ተመለስ። ከዚያ እንደገና ና።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በር ላይ ጠብቂኝ ብለህ አልጻፍክም? እንግዲህ ልጠብቅሃ።»

ሄድኩ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል፤ ፀጉሬ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ከእጥፋቱ ዞሬ ሳይ በሩ ተከፍቷል፤ ወንድሞቿ ናፕኪናቸውን እንደያዙ ከውስጥ ብቅ ብለዋል። የአባቷ መኪና በሩ ላይ ደርሶ ክላክሱን ነፋ። እሷ በሩ መሐል ቆማለች፤ ቢጫ፣ ቀጥ ብላ። ክላክሱ ደገመ። አልተንቀሳቀሰችም። አንዴም ወደ መኪናው አልዞረችም።

ከዚያች እጥፋት እስከዚያ በር ስንት ርምጃ እንደሆነ ብነግራችሁ ልማዴ ነውና እጨምራለሁ፤ ስለዚህ አልነግራችሁም። ተራመድኩ ብቻ። እየቀረብኩ ስመጣ ክላክሱ በመሐል ዝም አለ፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ዝናቡ በእኔ አራት ማዕዘን በኩል ደረቷ ውስጥ እየገባ ነው። አውቃለሁ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በእጇ አልሸፈነችውም።